የሠርካለም አንቀልባ

አያ ሰጠኝ ግራ ሲገባው ያስታውቅበታል። ያቺን ያረጀች የሱፍ ቆቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ያዞራታል። በዚያ ሰሞን ቆቢቱ ዕረፍት አጥታ ከረመች።

ሰው ግን በዚህ አያውቀውም። ከሰቆጣ ዳር፣ ወደ ዝቋላ በሚወጣው መንገድ አጠገብ፣ ቆዳ ሲያለፋ ያረጀ ሰው ነው። ስልቻው፣ ጠፍሩ፣ ቁርበቱ፣ የአገልግሉ ልባስ፣ ምን አለፋችሁ፣ ከቆዳ የሚሠራ ነገር ሁሉ ከእሱ እጅ ይወጣል። አንዱን ቆዳ ዳበስ አድርጎ ፍየሉ ዝቋላ ይደግ ደሃና፣ በጥጋብ ይታረድ በድርቅ፣ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል። ተሳስቶ ቢሆን እንኳ የሚያርመው ስለሌለ ሁልጊዜ ልክ ነው። ስለ ቆዳ ሰጠኝ የማያውቀው ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ሰው በሰቆጣ አልነበረም፤ ራሱ አያ ሰጠኝም አንድ ቀን አስቦት አያውቅም። ጣጣው የመጣውም በዚሁ በኩል ነው።

ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ለተጊዮርጊስና የልጅ ልጁ አመተ ማርያም አሉ። የሕፃኗ እናት፣ የአያ ሰጠኝ አንዲት ልጅ ሠርካለም፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሕፃኗ ገና ደገፍ ብላ መቀመጥ ስትጀምር ነው ትታት የሄደችው። አባትየው ቀድሞ በባሕር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ሠርካለም የወልድያው አውቶቡስ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን አስቀድማ፣ "አባየ፣ አደራህን፤ እሾህ እንኳ እንዳይጭራት" አለችው። አያ ሰጠኝም ደረቱን ነፍቶ፣ "እኔ እያለሁ!" አላት። አውቶቡሱ ሲሄድ አደራው እሱ እጅ ላይ ቀረ።

ሠርካለም እሑድ እሑድ በጎረቤታቸው በደብሬ ስልክ ትደውላለች። ደብሬ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ምስል የሚያሳይ ስልክ ያለው እሱ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ የአያ ሰጠኝ ቤት ይሆናል። ሠርካለም ስልኳን አንድ ነገር ላይ አስደግፋ፣ በነጠላዋ እስከ አገጯ ተጠቅልላ ነው የምታወራው። አያ ሰጠኝ "ይበርድሻል ወይ ልጄ?" ይላታል። "አዎ አባየ፣ ቤቱ ማቀዝቀዣ አለው" ትላለች። ዐረብ አገር እሳት ነው ሲባል ነበር የሰማው፤ ይኼም ግራ ይገባዋል። ቆቡን አንዴ ያዞርና፣ የሰው አገር ነገር ነው ብሎ ይተወዋል።

አንድ እሑድ ታዲያ፣ "አባየ፣ የኔ አንቀልባ አለ?" አለችው። "እማየ እኔን ያዘለችበት። እስቲ በሱ እዘሉልኝ። እኔ የተኛሁበት ላይ ተኝታለች ብዬ ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል።"

አንቀልባው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነበር። ዛጎሉ ግማሹ ረግፏል፤ ቆዳው ጢስ ጠግቦ እንደ ጣውላ ደርቋል። አያ ሰጠኝ አወረደው፣ አገላብጦ አየው፣ ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራም። ጨው ነስንሶ፣ የግራር ቅርፊት ቀቅሎ ባወጣው ቀይ ውሃ ዘፍዝፎ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ በእጁ እያሸ፣ ከአዲስ ቆዳ የበለጠ ለፋበት። ችግሩ ማለቅለቁ ላይ ነው። ዝናብ የዘገየበት ጊዜ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ደስ ሲለው። የሚጠጣ ጠፍቶ ለቆዳ ማለቅለቂያ ከየት ይምጣ? አያ ሰጠኝ በጀሪካኑ ቅሪት አጠብ አጠብ አደረገና፣ "የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰዋል" ብሎ አሰጣው። ዛጎሉን በአዲስ ጅማት ሰፋ። ለተጊዮርጊስ ሕፃኗን አዝላበት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ ዞር እያሉ አዩት። ሠርካለም በስልክ ስታየው አለቀሰች። ያን ዕለት አያ ሰጠኝን የሚያህል ሰው በሰቆጣ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የሕፃኗ ገላ ተበላሸ። መጀመሪያ ደረቀ፤ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ቀጥሎ ቀላ፣ ሻከረ። ከዚያም ከወገቧ በታች ተሰነጣጥቆ ውሃ ማቅረር ጀመረ። እንቅልፍ የላትም፤ ባገኘችው ነገር ራሷን ትፈትጋለች፤ ስትታዘል ታለቅሳለች፣ ስትወርድም ታለቅሳለች። ለተጊዮርጊስ ነገሩ ቆሻሻ መስሏት ጠዋት በሳሙና፣ ማታ በሳሙና ማጠብ ያዘች፤ ያውም በልብስ ሳሙና፣ ያውም ፈትጋ። ያቺ ለሰው የማትበቃ ውሃ ለእሷ ሆነች። አንዷ ጎረቤት ምች ነው አለች፤ ዳማከሴ ታሸ። ሌላዋ ዓይን ነው አለች፤ ጸበል ተወሰደች። ቅቤ ተቀባች። ሎሚ ይቀባ ያለም አልጠፋ፣ እግዜር ይይለትና። የተባለው ሁሉ ተደረገ፤ በተደረገ ቁጥር ባሰባት።

እሑድ ሲመጣ ደግሞ በሹራብ ሸፋፍነው፣ አንቀልባው ውስጥ ከተው፣ ፊቷን ብቻ ለእናቷ ያሳያሉ። ሠርካለም "ምን ያስለቅሳታል?" ስትል፣ አያ ሰጠኝ "ጥርስ ነው" ይላታል። ቆዳ ሲሸጥ ትንሽ መዋሸት የሚከብደው ሰው አይደለም። ይህን ሲዋሽ ግን ዓይኑን ከስልኩ ያሸሽ ነበር። እሾህ እንዳይጭራት የተባለች ልጅ እንዲህ ተልጣ፣ ከየት እንደመጣባት እንኳ አያውቅም።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። የተቀበለቻቸው ነርሷ ሲስተር ሀናን ናት፤ አባቷ ገበያው ላይ ጨርቅ ይሸጣል፤ አያ ሰጠኝን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሕፃኗን ከአንቀልባው አውርደው ራቁቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ሀናን አየቻት፣ ጎንበስ ብላም አሸተተቻት።

"በምንድን ነው የሚያጥቧት እማማ?"

"በሳሙና ነዋ!" አለች ለተጊዮርጊስ ኮራ ብላ። "ጠዋትና ማታ። ንጹሕ ናት የኔ ልጅ።"

"ሳሙናውን ይተዉት። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ለቅለቅ ያድርጓት፤ አይፈትጓት። በጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ውሃውን ያንሱላት፤ ከዚያ ገላዋ ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀቧት። ሎሚ የለም፣ ዳማከሴ የለም፣ ምንም የለም።"

አያ ሰጠኝ ዓይኑ ከሀናን ጀርባ ግድግዳው ላይ ነበር። እዚያ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ አንዲት እናት ልጇን በሳሙና ታጥባለች፤ አረፋው ተንጠልጥሏል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አያ ሰጠኝ ቆቡን ማዞር ጀመረ።

"ሲስተር፣ ይኼ ሥዕል የናንተ አይደለም ወይ?"

"የኛ ነው።"

"ታጠቡ ነው የሚል።"

"አዎ፣ እጅ ይታጠባል፣ ፊት ይታጠባል። የዚች ልጅ ገላ ግን ታሟል አባባ።" ሀናን የሽማግሌው ፊት ላይ ያለውን ስታይ ወንበር ሳበችለት። "ቤትዎ በድንጋይ ነው የተሠራው?"

"በድንጋይና በጭቃ።"

"ቆዳችንም እንዲያ ነው። ከላይ የሚታየው ድንጋዩ ነው እንበል። በድንጋዩ መኻል ያለው ጭቃ ደግሞ ስብ ነው፤ ገላው ራሱ ያበጀዋል። ሳሙና ሲበዛበት ጭቃው ታጥቦ ይሄዳል። ጭቃ የሌለው ግድግዳ ምን ይሆናል?"

"ንፋስ ያስገባል።"

"ንፋስ ያስገባል፣ አቧራ ያስገባል፤ የውስጡን እርጥበት ደግሞ ያስወጣል። ግድግዳዋ ፈርሶባት ነው የምትቃጠለው። ቫዝሊኑ ጭቃው እስኪመለስ ድረስ ይሸፍንላታል። ገባዎት?"

"ገባኝ" አለ አያ ሰጠኝ። እውነትም ገብቶት ነበር፤ የገባው ግን ሌላ ነገር ነው።

በደብሬ ባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ በሆዱ ሲያወጣና ሲያወርድ መጣ። ቆዳው ያፈሳል፣ አለች። የሚያፈስ ቆዳ ደግሞ የማን ሥራ ነው? ጥሬ ቆዳ ላይ ስብ ብትለድፍበት ይሸታል እንጂ አይጠነክርም። ስልቻ ማር የሚይዘው መጀመሪያ በቅርፊት ውሃ ስለጠበቀ ነው፤ ስቡ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሀናን ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ይህን ከየት ታመጣዋለች? ደብሬ በመስታወቱ እያየው፣ "ምን አሉዎት አባባ ሰጠኝ?" ሲለው፣ "ግማሹን ነገረችን" አለ።

በገበያ ቀን ለተጊዮርጊስ ወጣ ስትል ቅርፊቱን ቀቀለ። አቀጠነው፣ አቀዘቀዘው። እንዲሁ ዘሎ ልጅ ላይ የሚያፈስ ሰው አይደለም። መጀመሪያ የራሱን እጅ እስከ ክርኑ ነከረና ቆይቶ ጠበቀ፤ አውራ ጣቱ ሥር ያሉት ስንጥቆች ውስጥ ውሃው ሲገባ በዓይኑ አየ። አላቃጠለውም፣ አላሳከከውም። "ምንም የለውም" አለ። ደስ አለው። ጥጥ ነከረና ከወገቧ ጀምሮ ቁስሏን ጠራረገላት።

ሕፃኗ መጀመሪያ ትንፋሿ ቆመ። ከዚያ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት አወጣ። አያ ሰጠኝ ጥጡን ጣለ፣ አነሣት፣ በእጁ ሊጠርግላት ሲነካት ባሰባት፤ ያም እጅ በቅርፊቱ ውሃ የራሰ ነው። ደብሬ ሮጦ ገብቶ ጀሪካኑን አንሥቶ አፈሰሰባት። ለተጊዮርጊስ ከገበያ ስትመለስ ልጅቱ ጮኻ ጮኻ ድምፅ አጥታ፣ ሽማግሌው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እጁን እያየ አገኘቻቸው። በአፍ መፍቻዋ በኽምጥኛ አንድ ነገር ተናገረችው። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከአፏ ሰምቶት የማያውቀው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ዝም አለችው።

አያ ሰጠኝ አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ እውነቱን የነገረው ይኼ እጅ ነው። ዓይኑ ሲደክም፣ ሰው ሲዋሸው፣ የሚጠይቀው እጁን ነበር። ዛሬ ግን እጁ ምንም የለውም ብሎት ልጅቱን አቃጠላት። እንግዲህ ማንን ይጠይቅ? ሳሙና ያጸዳል ሲሉት ይገድላል አሉት፤ ያጠነክራል ብሎ የያዘው ላጣት። ቆቡን ለማዞር እጁን አነሣና መልሶ አወረደው።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄደው ያደረገውን እሱ ራሱ ተናገረ። ሀናን ተቆጣች።

"በፍየል ማልፊያ?" አለች። "አባባ፣ የፍየሉ ቆዳ እኮ የሞተ ነው! ቢረግጡት አይሰማው፣ ቢዘፈዝፉት አይሰማው። ይኼ ሕያው ነው። ከተዉት ራሱን ያበጃል፤ የኛ ሥራ እስኪያበጅ ድረስ ከልሎ መጠበቅ ብቻ ነው።"

"በእጄ ሞክሬው ነበር ሲስተር። ምንም አላለኝም።"

ሀናን እጁን ያዘችና ገለበጠችው። አውራ ጣቱን በጥፍሯ ቆነጠጠችው።

"ይሰማዎታል?"

"ምኑ?"

"አይ አባባ" አለች፤ ቁጣዋ በረደ። "ይኼንንም ይቀቡት። ማታ ማታ፣ ታጥበው ሳይደርቅ።"

ከዚያ ሕፃኗን መስኮቱ አጠገብ ነጭ አንሶላ ላይ በሆዷ አስተኝታ፣ ቁስሉን አጥባ፣ ቅባት ቀባቻት። ቀብታ ስትጨርስ ግን አልተነሣችም። "ይኼ በሳሙና ብቻ አይመስለኝም" አለች። "ሳሙናው ገላዋን ሁሉ ነክቷል፤ ሆዷ ደርቋል እንጂ አልቆሰለም። የቆሰለችው ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ነው። እዚህ ላይ ምን ይነካታል?"

አያ ሰጠኝ ጎንበስ ብሎ አየ። ቅላቱ እንዲሁ የተረጨ አልነበረም። ወገቧ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይጀምራል፣ ጎኗ ላይ ይጠባል፣ ጭኗ ጋ ሲደርስ በግማሽ ክብ ይዞራል። ያን ክብ ያውቀዋል። የሕፃን እግር እንዲወጣበት ብሎ በገዛ ካራው የቆረጠው ነው፤ የቆረጠውም ለሠርካለም ነበር።

"አንቀልባው ነው" አለ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። "በጨውና በቅርፊት ነው ያለፋሁት። አላለቀለቅኩትም። ውሃ አልነበረም ሲስተር።"

ሀናን መስመሩን በጣቷ ተከተለችው። "ሲያልባት፣ ስትሸናበት፣ ያ ሁሉ እየወጣ በላት ማለት ነው። ግድግዳዋ በሳሙናው ባይፈርስ እንዲህ ባልገባባት ነበር፤ ተጋግዘው ነው። አንቀልባውን ይስቀሉት። በጥጥ ጨርቅ ትታዘል።"

ለተጊዮርጊስ ያን ጊዜ ነው አፏን የፈታች። "እኔም በሳሙና ፈጀኋት" አለች፣ ማንንም ሳታይ።

አንቀልባው ከነዛጎሉ ወደ ችንካሩ ተመለሰ። ሠርካለም ስትሄድ የተወችው አንድ አሮጌ ነጠላ ነበር፣ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ፤ እሱ ለማዘያ ሆነ። ለተጊዮርጊስ ቧንቧ ወረፋ ስትሄድ ደግሞ ልጅቱ ከጀርባ ካልሆነ አልተኛም አለች። አያ ሰጠኝ ግራ ቀኙን አየ፣ ቆቡን አዞረ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አዘላት። ወንድ ሽማግሌ ሕፃን አዝሎ ደጅ ሲቆም ሰቆጣ ምን እንደምትል መገመት አያቅትም። ደብሬ ባጃጁን አቁሞ፣ "አባባ ሰጠኝ፣ ማርያም ማረችዎት?" አለው። አያ ሰጠኝ፣ "ዝም በል፣ አሁን ነው የተኛች" አለ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጫን ጫን፣ እርጥቡ ሳይደርቅ ቫዝሊን፤ ጠዋትም እንዲሁ፣ ማታም እንዲሁ። ለምን እንደሚሠራ አሁንም ጥርት አላለለትም፤ ምንም ሳያደርጉ ገላ ራሱን ሲሠራ ማየት ለእሱ እንግዳ ነገር ነው። ግን ውሃው ማቅረሩን ተወ፣ ቀጥሎ ቅላቱ ደበዘዘ፣ ያም ክብ እየጠፋ ሄደ።

እሑድ ደብሬ ቤት ስልኩ ሲጮህ አያ ሰጠኝ ልጅቱን እንዳዘለ ገባ። ሠርካለም አባቷን በዚያ መልክ ስታይ መጀመሪያ ሳቀች።

"አባየ! አንቀልባውስ?"

አያ ሰጠኝ ጥርስ ነው ማለት ይችል ነበር። "ልጅሽን ያቃጠላት እሱ ነው" አለ። "እሱ ደግሞ ምን ያውቃል፤ እኔ ነኝ። ሳላለቀልቀው አሳዘልኳት። ተልጣ ነበር፤ ደብቀንሽ ነበር። አደራሽን በላሁ ልጄ።" ነጠላውን ፈትቶ ልጅቱን አወረዳትና ጀርባዋን ለስልኩ አሳየ። "ይኸው፣ ድናለች፤ የቀረውም ሊድን ነው።"

ሠርካለም ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ጊዜ ነው ነጠላዋ የወደቀው።

አያ ሰጠኝ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የዚህን ነገር መልክ አሁን ያውቀዋል። "እጅሽን አሳይኝ" አለ።

"ምንም አይደለም አባየ። የበረኪናው ነው። እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው።"

"አሳይኝ አልኩሽ።"

ሁለቱንም አነሣች። አንጓዎቿ ላይ ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ጣቶቿ መኻል ቀይ ሥጋ ይታያል። ይበርደኛል እያለች በነጠላ ስትሸፍነው የነበረው ይኼን ነው።

አያ ሰጠኝ የሀናንን ቃል ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። "ጓንት አድርጊ" አለ። "ሳሙናውን… ግድግዳው ነው፣ ጭቃው ነው የሚሄድ። ታጥበሽ ስትጨርሽ ገና እርጥብ ሳለ ቅቢ፣ ሳይደርቅ፣ ሰማሽኝ? አትፈትጊው። ከተውሽው ራሱን ይሠራል።" ጣቱ ላይ ከልጅቱ የቀረ ቫዝሊን ነበር። አውራ ጣቱን ዘረጋና በስልኩ መስታወት ላይ እጇ ያለበትን ቦታ ቀስ ብሎ ቀባው። አንጓዋን፣ ከዚያ ሌላውን አንጓ።

ሥዕሉ ጠፋ።

"ወዴት ሄደች?" አለ አያ ሰጠኝ። ጣቱ ጥቁሩ መስታወት ላይ እንዳለ ነው።

"ነክተው ዘጉት እኮ አባባ" አለ ደብሬ።

"እኔ ምንም አልተሰማኝም።"

ደብሬ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተወው። ስልኩን ተቀብሎ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ ደወለ።